የዓሣ ልምምድ

ዳይሬክተሩ ደወለልኝ። ራሱ! ቁጥሬን ከየት እንዳገኘው እንጃ። «ልጄ» አለኝ ደግሞ። ልጄ! ከመቼ ወዲህ ነው ልጁ የሆንኩት በናታችሁ?

«ልጄ፣ እንግዲህ ታላቁን መምህራችንን አጥተናል» አለ፣ ማር ማር በሚል ድምፅ። «ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤታችን አዳራሽ የመታሰቢያ ዝግጅት አለን። እናንተ የድሮ የባንዱ ልጆች አንድ ዜማ ብትነፉልን ነፍሱ ደስ ይላታል።»

ዝም አልኩ። እኔ! አንዴ አፌን ከከፈትኩ የሚዘጋኝ የሌለ ልጅ፣ ዝም!

«ሃሎ? አለሽ?»

«አለሁ።»

«እንግዲህ ደመቅ ያለ ነገር ይሁን። ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ።»

ደመቅ ያለ! ይሄ ሰውዬ! ዕድሜ ልኩን ከአፉ «ጸጥታ!» ከምትለዋ ሌላ ቃል ያልሰማንበት፣ ተማሪው ሁሉ ጸጥታ ብሎ የሚጠራው ሰውዬ፣ ደመቅ ያለ ነገር አምጡልኝ ይለኛል!

ስልኩን ዘግቼ ትራሴን ነከስኩት። እውነቴን ነው፣ ነከስኩት፤ ጥርሴ እስከ ጥጡ ገባ። ከዚያ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እሱን ቆይቼ ነው የምነግራችሁ፤ መጀመሪያ ስለ ጋሽ ጡሩምባ ካልነገርኳችሁ ምኑም አይገባችሁም።

ጋሽ ጡሩምባ የሙዚቃ መምህራችን ነበር። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን። ሲሰማ ይቆጣናል ብለን ስንጠብቅ እሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በተራው ለኛ ያወጣልን ጀመር! ትሮምቦን ሲነፋ ጉንጩ ኳስ የሚያክለውን ልጅ ጉንጮ አለው። ክላርኔቷን ስትይዝ የትኛዋ ክላርኔት፣ የትኛዋ ልጅ እንደሆነች የማትለየዋን ቀጭን ልጅ መርፌ አላት። እኔ ገና የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆሜ የጎረቤታችን ድመት የት እንደወለደች፣ ያጎቴ መኪና ለምን እንደማይነሳ፣ እማዬ ስትቆጣ ምን እንደምትል፣ ምናምን ምናምን ስነግረው ሰማኝ፣ ሰማኝ፣ ሰማኝና «በይ ግቢ፣ ሬዲዮ» አለኝ። በቃ፣ ሬዲዮ ሆኜ ቀረሁ።

የዚያን ጊዜ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ነበር። ሌላ መምህር ቢሆን «ጥርስሽን አብቅለሽ ነይ» ብሎ ይመልሰኛል። እሱ ትራምፔቷን እጄ ላይ አስቀመጠና «ጥርስ ለዳቦ ነው፤ እዚህ ከንፈር ይበቃሻል» አለ። እንዴት አልወደው!

ክፍላችን ድሮ የዕቃ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ነገር ናት። ወንበሮቹ እግራቸው አንካሳ ነው፤ የጡሩምባው ናስ እጃችን ላይ ሸትቶ ሸትቶ ቤት ገብተን ብንታጠብም አይለቅም። በአንድ በኩል ያለው ግድግዳ ግድግዳ አይደለም፣ ኮምፔንሳቶ ነው። ከኮምፔንሳቶው ማዶ የዳይሬክተሩ ቢሮ አለ። ሻዩን በማንኪያ ሲያማስል ይሰማናል። ሲያዛጋ እንኳን ይሰማናል! እኛ ማዛጋቱን ከሰማን እሱ የኛን ትሮምቦን እንዴት እንደሚሰማ አስቡት።

አንድ ቀን ልምምድ መሐል ላይ ግድግዳው ተደበደበ፤ ደብ! ደብ! ደብ! ወዲያው በሩ ተበረገደ።

«ጸጥታ! ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ገበያ?»

ጋሽ ጡሩምባን በጣቱ ጠርቶ ወደ ኮሪደሩ አወጣው። እኛ ጆሯችንን በሩ ላይ ለጠፍን። አዋቂዎች ድምፃቸውን ቀንሰው ሲጣሉ ለልጅ የሚደርሰው ቁርጥራጩ ብቻ ነው።

«…ሶፋ ቢገባበት፣ እንግዳ መቀበያ ቢሆን…»

«ልጆቹስ የት ይሂዱ?»

«…አንዲት ድምፅ ከሰማሁ አበቃ። አንዲት!»

«የሚያስቸግርዎት ድምፁ ነው?»

«ድምፁ ነው!»

«እሺ። ድምፅ አይሰሙም።»

ጋሽ ጡሩምባ ተመልሶ ገባ። እጁን እያፋተገ፣ ዓይኑ እየሳቀ። ወይኔ፣ እንዴት እንደሳቀ! አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ስንት እንደፈጀበት እንጃ። ያን ቀን ግን እኔ የታየኝ ደስ የሚል ነገር ይዞልን የመጣ ሰው ነው።

«ልጆች፣ አዲስ ጨዋታ አለ» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ዓሣ ናችሁ። ዓሣ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ሰው ድምፁን አይሰማውም። ግን ውኃው ውስጥ ምን እንደሚዘፍን ማን ያውቃል? ጡሩምባችሁን አፋችሁ ላይ። ጣታችሁ ይሥራ፣ ትንፋሻችሁ ይሥራ። ድምፁ ሆዳችሁ ውስጥ ይቅር።»

«ዳኛውስ ማነው ጋሼ?» አለ ጉንጮ። ጉንጮ ዳኛ የሌለበት ጨዋታ አይገባውም።

ጋሽ ጡሩምባ በአገጩ ወደ ኮምፔንሳቶው አሳየን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚያ ማዶ ተቀምጧል» አለ። «አንዲት ድምፅ ከሰማ ተሸነፍን።»

እኛ እኮ አመንነው! ዳይሬክተሩ የኛ ዳኛ ነው ብለን አመንን! ከልምምድ ስንወጣ በቢሮው በር ላይ በጣታችን ጫፍ እያለፍን ፈገግ እንልለት ነበር፤ ተጫዋች ለዳኛ እንደሚያደርገው። ጉንጮማ አንድ ቀን ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ እጅ ነሳው! ሰውዬው ግራ ገብቶት ለጸሐፊዋ «እነዚህ ደግሞ ምን ያስገለፍጣቸዋል?» ሲል ሰማሁ።

ልምምዱ እንዴት ነበር መሰላችሁ! ሁላችን ጡሩምባችንን አንሥተን፣ ጉንጫችን ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ። ከቁልፎቹ ጠቅ ጠቅ በቀር ምንም የለም። ዝንብ በመስኮቱ ላይ ስትጋጭ ይሰማል። የዳኛው ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ስትዞር ይሰማል። የጋሽ ጡሩምባ እጅ አየሩን ትቆርጠዋለች፣ ትሰፋዋለች። ለኔማ ስቃይ ነበር፤ ሬዲዮን አጥፍቶ አስቀምጦ ሥራ እንደ ማለት ነው። ግን ትንሽ ከቆየሁ በኋላ ዜማው እውነትም ሆዴ ውስጥ መጣ። ከነፋሁት ይልቅ ያልነፋሁት አማረኝ።

ከዚያ ጋሽ ጡሩምባ በድንገት እጁን ያቆማል።

«ጉንጮ፣ ዘገየህ።»

«እንዴ ጋሼ! ድምፅ የለም እኮ!»

«ሰማሁህ።»

ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው። ዜማው ለሁለተኛ ጊዜ ሽቅብ ሲወጣ ጉንጮ ትንፋሽ ልውሰድ ሲል ወደ ኋላ ይቀራል። ሁልጊዜ! ጋሽ ጡሩምባም ሁልጊዜ ይሰማዋል። እኔ ይሄ ሰው ዝምታን የሚሰማ ጆሮ አለው ብዬ ደመደምኩ። በሐሳቤ ሰው ስሰድብ ራሱ ቀስ ብዬ ነበር የምሰድበው፣ እንዳይሰማኝ። አሁን ካደግኩ በኋላ ሳስበው ጣታችንንና ትከሻችንን እያየ ነው። መታወቂያ አውጥቻለሁ፣ አድጌያለሁ፤ እና ታዲያ ይሄን ማወቄ ምን ጠቀመኝ? ድሮ የማምነው ይሻለኝ ነበር።

ሌላም ነገር ነበረው። ከሸሚዙ ኪስ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ነገር ያወጣል። ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞርና አፉ ላይ አድርጎ ወደ ውስጥ ይስባታል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆያል። እኔና መርፌ ተነጋገርንበት። በዓለም ላይ ትንሿ ጡሩምባ ናት ተባባልን። የዓሣ ጡሩምባ! ወደ ውጪ አይነፏትም፣ ወደ ውስጥ ነው የሚነፏት፤ ለዚህ ነው ድምፅ የሌላት። እንዲያውም መርፌ «ዋንጫ ስንበላ እንዲያስነካን እንለምነዋለን» አለች።

የአስም መድኃኒቱ ነበረች። በቃ፣ የአስም መድኃኒት።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። የሳሎናችን ግማሹ የስፌት መኪናዋ፣ ግማሹ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። የትምህርት ቤቱ የወላጅ ኮሚቴ ውስጥም ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ከጠረጴዛው ሥር ቁልፍ ስለቅም የጉንጮ እናት መጣች። ሁለቱም ከስብሰባ መመለሳቸው ነው።

«ሳንባው ነው አሉ» አለች የጉንጮ እናት።

«ማን አለ?»

«ዳይሬክተሩ ነዋ! ሲያስል አልሰማሽውም? ልጆቹ እኮ እሱ የነፋውን ነው ተቀብለው የሚነፉት። አፍ ለአፍ በይው።»

«ኧረ ዝም በይ!»

«ምን ዝም እላለሁ? የኔው ልጅ ሰሞኑን ጉንፋን አልለቅ ብሎታል።»

የስፌት መኪናው ቆመ። እማዬ ከላይ ሆና ምን እንዳሰበች አላየሁም፤ እግሯን ብቻ ነው ያየሁት። እኔ እዚያ ሥር ተቀምጬ ደስ ብሎኛል! ሳንባው ነው፤ እንግዲህ ምስጢሩ ሳንባው ነው ማለት ነው! የሳንባው ነገር ሰፈር ድረስ ወሬ ሆኗል! ጉንጮም ከሱ ተላልፎበት ሊጎብዝ ነው!

ያን ዕለት እማዬ ውኃ አሞቀች። ጨው ጨመረችበት፣ ጨርቅ ነክራ ከንፈሬን ፈተገችው። ፍትግ፣ ፍትግ፣ እስኪቀላ።

«እማዬ ያቃጥላል!»

«ቻይው።»

ከዚያ ወዲህ ልምምድ ባለ ቁጥር ጨው ነው። እኔ ደግሞ ምን ብል ጥሩ ነው? ይሄ ለነፊዎች የሚደረግ ነገር ነው አልኩ! ቦክሰኞች እጃቸውን እንደሚጠቀልሉት። ኩራቴ ልክ አልነበረውም። በሚቀጥለው ልምምድ እየሮጥኩ ገባሁና በሁሉም ፊት «ጋሼ፣ እማዬ እኮ ከንፈሬን በጨው ታጥበዋለች! ልምምድ ባለ ቁጥር! እንዲጠነክር!» አልኩት።

ጋሽ ጡሩምባ ጡሩምባዬን እየወለወለ ነበር። እጁ ቆመ። ከንፈሬን አየው፤ ያን ጊዜ ጥጉ ላይ ትንሽ ተሰንጥቆ ነበር።

«እናትሽ ጎበዝ ናት» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የኛን ጡሩምባ አፉ ላይ አድርጎ አያውቅም። ጣት ሲያሳየን እርሳስ ይዞ እርሳሱ ላይ ነው። የየጡሩምባውን የአፍ ብረት፣ የክላርኔቷንም አፍ፣ እየነቀለ ለያንዳንዳችን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠን። «ይቺ የራስሽ ናት» አለኝ። «ለማንም እንዳትሰጪ። ለኔም ቢሆን።» ወንበሩንም ወስዶ መስኮቱ ሥር አደረገ፤ ብርድ ቢሆንም መስኮቱን ይከፍተዋል። እኛ ሹመት መሰለን! የራሳችን የአፍ ብረት! መርፌ የሷን ትራሷ ሥር አድርጋ ነበር የምትተኛው።

ታያላችሁ ዳይሬክተሩ ምን እንዳደረገ? ድምፅ ነው ችግሬ አለ፣ ድምፁ ጠፋለት። ክፍሏን የሚነጥቅበት ሰበብ አጣ። ሰበብ ሲያጣ ሰውየውን በሽተኛ አደረገው። ይሄን ስጽፍ ራሱ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

የወላጆች ስብሰባ የተጠራ ቀን እማዬ ይዛኝ ሄደች፤ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። «እዚህ ቁጭ በይ፣ እንዳትነቃነቂ» ብላ ኮሪደሩ ላይ አስቀምጣኝ ገባች። በሩ ላይ መስታወት አለው። ወንበር ላይ ቆምኩ። ወላጆቹ ተቀምጠዋል፣ ዳይሬክተሩ ያወራል፤ ጋሽ ጡሩምባ ከፊት ለብቻው ቆሟል፣ ኮቱን ቆልፎ። እማዬ ከሥራ ተነሥታ ስለመጣች መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ድምፅ አይሰማም። ለኔ ግን ይሄ አዲስ አልነበረም፤ ዓሣ አይደለሁ? ያለ ድምፅ መከታተል እችላለሁ።

ዳይሬክተሩ አንድ ነገር ጠየቀ። እጆች ወጡ። የጉንጮ እናት እጅ፣ ሌላ እጅ፣ ሌላ እጅ። እማዬ ዞር ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ የሷም እጅ ወጣ፣ እስከ ጆሮዋ ድረስ ብቻ።

መረጡን! አልኩ። ጋሽ ጡሩምባን መረጡት! በሽልማት ይሁን በምን እንጃ፣ ብቻ እጅ ሁሉ ለሱ ወጣ። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ አጨበጨብኩ። ሁለት እጄን ከፍ አድርጌ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ። ጋሽ ጡሩምባ በመስታወቱ በኩል አየኝ።

አየኝና አንገቱን ዝቅ አድርጎ አመሰገነኝ። መድረክ ላይ እንደሚያደርጉት።

በማግስቱ ጡሩምባችንን አሸክሞ ወደ ግቢው መሐል አወጣን። ፀሐይ ነበር። «ጨዋታው አለቀ» አለን። «አሸነፋችሁ። አንድም ቀን አልተሰማችሁም። አሁን ሆዳችሁ ውስጥ ያለውን በሙሉ አውጡት።»

ነፋን! አቤት የነፋነው! ያ ሁሉ የታመቀ ነገር አንድ ላይ ሲወጣ እርግቦቹ ከጣሪያው በነው ጠፉ፣ የቢሮዎቹ መስታወት ተንቀጠቀጠ፣ ተማሪው ከየክፍሉ ተገልብጦ ወጣ። ዳይሬክተሩ መስኮቱን ከፈተ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ከፈተ፣ ዘጋ። ምንም አይሰማም! ጉንጮ ትሮምቦኑን ከአፉ አላቅቆ «ዓሣ ሆነ! ዳኛው ዓሣ ሆነ!» ብሎ ጮኸ፤ እኔ በሳቅ ልሞት! ጋሽ ጡሩምባ እጁን እያወናጨፈ ፊቱ ረጥቧል። ላብ ነው ብዬ ነበር። ዜማው ሲያልቅ ትንሿን ሰማያዊ ጡሩምባ አወጣና ጀርባውን ሰጥቶን ነፋት።

ከዚያ ክፍሏ ተቆለፈች። ከዚያ ሶፋ ገባባት።

«እማዬ፣ ጋሼስ?»

«ትልቅ ባንድ ቀጠረው። ሩቅ ሄደ» አለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ።

እኔ ደግሞ ዘለልኩ! አለቀስኩም፣ ግን ዘለልኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ባንድ በታየ ቁጥር ስክሪኑ ሥር ተንበርክኬ ፊቱን ፈልጌያለሁ። «ከኋላ ረድፍ ነው፣ ካሜራው አይደርስበትም» እያልኩ ለመጣ እንግዳ ሁሉ አውርቻለሁ። እማዬ የዚያን ጊዜ ብድግ ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ዕቃ ታንኳኳለች። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኩም፤ ዕቃ ማንኳኳት የእናቶች ሥራ መስሎኝ።

ባለፈው ሳምንት ጉንጮ ደወለ። «ሬዲዮ፣ ጋሽ ጡሩምባ ሞተ።»

«የት አገር?» አልኩት።

«የምን አገር? እዚሁ ነው እንጂ! አውቶቡሱ የሚያልቅበት ሰፈር።»

እዚሁ። በአውቶቡስ የምደርስበት! እኔ ቴሌቪዥን ሥር ተንበርክኬ፣ እሱ እዚሁ!

ለቀብሩ ሄድን፤ እኔ፣ ጉንጮና መርፌ። እህቱ ናት ያስታመመችው፣ እሷ ቤት ነበር የሚኖረው። ማን እንደሆንን ስንነግራት አንድ በአንድ አየችንና «ዓሣዎቹ እናንተ ናችሁ?» አለች። በቃ እዚያው ፈረስኩ።

ከቤቷ ጀርባ ጋራዥ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ያስተምር ነበር አለችን፤ በመዶሻውና በመኪናው ጩኸት መሐል። «እዚያ ጸጥታ የሚለው ሰው የለማ» አለች።

«ሳንባው ግን…» አለ ጉንጮ፣ እግሩን እያየ።

«የምን ሳንባ?» የእህቱ ድምፅ ተቀየረ። «አስም ነበረበት። ከልጅነቱ ጀምሮ። ትምህርት ቤት ሊቀጠር በሄደ ቁጥር ያ ወሬ ቀድሞት ይደርሳል። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ አስም ይተላለፋል እንዴ?»

 

ቤት ስገባ እማዬ የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋች ነው። ሳሎኑ በሙሉ ነጭ ጨርቅ።

«እማዬ፣ ጋሽ ጡሩምባ ሞተ።»

መኪናው ቆመ።

«የትኛው ባንድ ውስጥ ነበር ያልሽኝ?» አልኳት።

«የኔ ልጅ…»

«ንገሪኛ! ስሙን ንገሪኝ የባንዱን!»

«ፈራሁ። ገና ልጅ ነበርሽ። ሳንባ ነው ሲሉኝ…»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ዳይሬክተሩ እኮ ነው! እሱ ውሸት ይናገራል ብዬ በምን ልጠርጥር?»

«እሱን ራሱን ጠየቅሽው? አንድ ቀን ‹ምንህን ነው የሚያምህ› ብለሽ ጠየቅሽው? ፊት ለፊትሽ ቆሞ ነበር እኮ!»

«አንቺን ብዬ ነው!»

«እኔን አትበይ! ከንፈሬን እስኪሰነጠቅ ፈተግሽው! እኔ ደግሞ ሄጄ ነገርኩት፣ እንደ ጀግና! እማዬ፣ እኔ እኮ በመስታወቱ አይቼሻለሁ። እጅሽን ስታወጪ አጨበጨብኩልሽ። እሱ እያየኝ!»

ይሄን አታውቅም ነበር። ፊቷ ላይ ያለው ቀለም በሙሉ ወርዶ ያ ነጭ ጨርቅ ውስጥ ገባ። አላባበልኳትም። ልብ በሉልኝ፣ እናቴን እወዳታለሁ፤ ግን አላባበልኳትም።

«ቅዳሜ መታሰቢያው ላይ እመጣለሁ» አለች በኋላ፣ ዳይሬክተሩ መደወሉን ስነግራት።

«ባትመጪ ይሻላል።»

መጣች። በሩ አጠገብ ቆመች፣ አጠገቧ የቀረው አንድ ባዶ ወንበር ላይ እንኳን አልተቀመጠችም።

አዳራሹ ግጥም ብሏል። የጋሽ ጡሩምባ ትልቅ ፎቶ ከፊት አለ፤ የሚስቅበት። ጡሩምባዎቹን ዳይሬክተሩ ከዕቃ ቤት አስወጥቶ አስወልውሎ ደርድሯቸዋል፣ እንግዳ ሲመጣ እንደሚወጣ ብርጭቆ። የአፍ ብረቷን ግን እኔ ነኝ ያመጣኋት። ያው የድሮ ጨርቋ ውስጥ ነበረች። ጉንጮም የሱን ይዟል፣ መርፌም፣ ሌሎቹም።

ዳይሬክተሩ ማይክ ያዘ። «ወንድሜ ነበር» አለ። ወንድሜ! «የትምህርት ቤታችን ድምፅ ነበር» አለ። ጉንጮ አጠገቤ ሆኖ እንደ በሬ ተነፈሰ። «ስለዚህ የእንግዳ መቀበያ ክፍላችንን በስሙ ሰይመነዋል!» ተጨበጨበ። ሶፋውን! እሱን አባሮ ያስገባውን ሶፋ በስሙ! እህቱ ከፊት ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ እጇ አልተነቃነቀም።

«አሁን ደግሞ ያሳደጋቸው ልጆች ያሰሙናል!»

መድረኩ ላይ ወጣን። ለሁሉም በስልክ ያልኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ልምምድ አላስፈለገንም። እጄን አነሣሁ። ጡሩምባዎቹ ተነሡ። እጄን አወረድኩና ትራምፔቷን አፌ ላይ አደረግኩ።

ጠቅ ጠቅ። ጠቅ።

ጉንጫችን ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ። ትከሻችን ይነሣል፣ ይወርዳል። ዜማው ሆዴ ውስጥ አለ፣ ከነሙሉ ጉልበቱ፣ ያን ቀን ግቢው ውስጥ እርግብ ያባረረው ዜማ። አዳራሹ መጀመሪያ ጠበቀ። ከዚያ ወንበር ተንቀጫቀጨ። አንድ እንግዳ ጆሮውን ነካ ነካ አደረገ። ዳይሬክተሩ ፈገግ እንዳለ ማይኩን መታ መታ አደረገው፤ የማይኩ ጥፋት መስሎት። ማይኩ ደህና ነው። ፈገግታው ቀስ እያለ ተላጠ።

«ጀምሩ እንጂ» አለ በሹክሹክታ።

ጠቅ ጠቅ።

እህቱ አፏን በእጇ ያዘች። መጀመሪያ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው። እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል፣ እግሯ ደግሞ ወለሉን ቀስ እያለ ይመታል፤ ልክ በዜማው። ልጆቹን ከጋራዡ ይዛ መጥታለች፣ እነሱም ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መሥራት ጀመረ። በሩ ጋ እማዬ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠረገችው። ደጋግማ ጠረገችው። አየኋት፣ ዓይኔን ከሷ ላይ አላነሣሁም።

ዳይሬክተሩ ላብ ላብ ብሎታል። እንግዶቹን ያያል፣ እኛን ያያል። በመጨረሻ አልቻለም።

«ድምፅ የለም እኮ!» ብሎ ጮኸ፣ በማይኩ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ። «ድምፅ አውጡ! እባካችሁ ድምፅ አውጡ!»

እኛ ቀጠልን። ዜማው ለሁለተኛ ጊዜ ሽቅብ ወጣ። ዓይኔ እማዬ ላይ ነው፣ ጉንጮን አላየሁትም፤ ከጀርባዬ ነው የቆመው።

ጉንጮ ዘገየ።

ሰማሁት።